ዜማ እምቢ ሲል፤ ከጣና ዳር ለሚሠሩ ዜማ ደራሲዎች

ዜማ የሚደርስ ሰው ሁሉ፣ ክራሩን ታቅፎም ሆነ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ፣ ለሰዓታት ተቀምጦ አንድም የሚረባ ነገር የማይመጣለት ጊዜ ያጋጥመዋል። በባሕር ዳር የሚሠሩ ወጣት ዜማ ደራሲዎች ይህን ሁኔታ ብዙ ጊዜ የተሰጥኦ ማለቅ አድርገው ይወስዱታል፤ ስለዚህም አንዳንዱ ስሜቱ እስኪመለስ ይጠብቃል፣ አንዳንዱ አዲስ ኪቦርድ ወይም አዲስ ሶፍትዌር ይመኛል፣ አንዳንዱም አዲስ አበባ ቢገባ የሚፈታለት ይመስለዋል። እኔ እንደማምነው ግን ዜማ እምቢ የሚለው በአብዛኛው ሥራው ልክና የቀን ሥርዓት ሲያጣ ነው። ይህን ሥርዓት ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የጎጃምና የጎንደር የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ለዘመናት ሲሠሩበት ኖረዋልና ዘፈን የሚደርስ ሰው ከእነርሱ ብዙ መዋስ ይችላል።

ከሁሉ አስቀድሞ እምቢ ያለው የትኛው የሥራ ክፍል እንደሆነ መለየት ይገባል። መነሻ የጠፋበት ሰውና ብዙ ጀምሮ አንዱንም የማይጨርስ ሰው ችግራቸው አንድ አይደለም። የሚደርሰው ሁሉ ካለፈው ሥራው ጋር የሚመሳሰልበት ሰው ከሁለቱም ይለያል፤ ሙዚቃ ራሱ የሰለቸው ሰው ደግሞ ሌላ ዓይነት እርዳታ ይፈልጋል። ይህን ለመለየት በቅርብ ወራት በስልክዎ የቀዷቸውን ቁርጥራጭ ዜማዎች በተርታ ይስሟቸው። ሁሉም አዝማቹ ላይ ደርሰው የሚቆሙ ከሆነ የጎደለው የመቀጠል ዘዴ ነው። ሁሉም በአንድ ቅኝት ተጀምረው በአንድ ድምፅ የሚያርፉ፣ ፍጥነታቸውም የተቀራረበ ከሆነ ደግሞ እጅዎና ጉሮሮዎ በለመዱት መንገድ ብቻ እየሄዱ ነው ማለት ነው።

የቅኔ ተማሪ አሠራር

በቅኔ ጉባኤ ቤት ተማሪው የሚጀምረው ከትንሹ ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ ብቻ ያለው የቅኔ ዓይነት ሲሆን፣ ተማሪው በእርሱ እጁን ሳያፍታታ ሦስት ቤት ወዳለው ወደ ዘአምላኪየ፣ ኋላም ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ አይሻገርም። ቅኔ ለመቁጠር፣ ማለትም ለመድረስ፣ ብቻውን ከጉባኤው ተለይቶ ወደ ዱር ወይም ወደ ወንዝ ዳር ይወጣል፤ የቆጠረውን በቃሉ ይዞ ይመለስና በመምህሩ ፊት ያቀርባል፤ መምህሩም የላላውን ያጠብቃል፣ የተሳሳተውን ያርማል። በማግስቱ የሚጠበቅበት ሌላ አዲስ ቅኔ ነው፤ የትናንቱን ደግሞ ማቅረብ አይገባምና። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ተማሪው ወደ ዱር ሲወጣ ብዙው ነገር አስቀድሞ የተወሰነለት መሆኑ ነው፤ የቤቱ ቁጥር፣ የዜማው ልክና የቤት አመታቱ ታውቀዋል። የሚፈልገው ምሥጢሩንና ቃሉን ብቻ ነው። በኮምፒዩተሩ ውስጥ ሺህ ድምፅና ሺህ ሎፕ (ተደጋጋሚ የሙዚቃ ቁራጭ) ተከፍቶለት ገና ከምን እንደሚጀምር ያልወሰነው አቀናባሪ ግን ጉልበቱን ዜማ ሳይነካ በመምረጥ ይጨርሰዋል።

ይህን አሠራር ለዘፈን ማዋል ከባድ አይደለም። ለአንድ ወር ያህል በየቀኑ ጉባኤ ቃናን የሚያህል አንድ ዜማ፣ ማለትም ለሁለት ስንኝ ብቻ የሚሆን ዜማ፣ ለመድረስ ይወስኑ። ማታ ከመተኛትዎ በፊት የነገውን ቅኝትና ምት ይቁረጡ፤ መወሰን የሚያስቸግርዎ ከሆነ የቅኝቶቹን ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ዕጣ ያውጡ። ጠዋት፣ ስልክዎ መልእክት ማምጣት ሳይጀምር፣ መሣሪያዎን ቤት ትተው ይውጡ። መሣሪያው ቤት እንዲቀር የምመክርበት ምክንያት አለኝ፤ ጣት ከማንም በላይ ልማደኛ ስለሆነ፣ ክራር በእጅ ካለ ጣቶች ትናንት ወደሄዱበት ይሄዳሉ። በድምፅ ብቻ የሚያንጎራጉር ሰው ግን ትንፋሹ እስከ የት እንደሚደርስና ዜማው የት ማረፍ እንደሚፈልግ ይሰማዋል። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ የመጣው ዜማ ደካማ ቢሆንም እንኳ ተጨርሶ ይቀዳ፤ ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚለው ፍርድ ለማታ ይቆይ። መድረስንና መፍረድን በአንድ ሰዓት ለማከናወን የሚሞክር ሰው፣ ገና ያልተወለደውን ዜማ ሲያርም ይውላል።

የሚወጡበት ቦታም ቢታሰብበት መልካም ነው። ባሕር ዳር በዚህ ረገድ የታደለች ከተማ ናት። በጠዋት ጣና ዳር ለሚቀመጥ ሰው፣ ከደንገል የተሠራው ታንኳ ሲያልፍ የቀርከሃ መቅዘፊያው ውኃውን የሚመታበት ልክ የተፈጥሮ ሜትሮኖም (ምት ጠባቂ) ሆኖ ያገለግለዋል፤ ቀዛፊው ሲደክም ምቱ ይረግባል፣ ነፋስ ሲነሣ ይፈጥናል። እግርዎን ከዚህ ምት ጋር እያስማሙ በዝግታ ማንጎራጎር፣ ኮምፒዩተር ከሚሰጠው የማይዛነፍ ምት የተለየ የመተንፈሻ ቦታ ይሰጥዎታል። ሰው ይሰማኛል ብለው የሚያፍሩ ደግሞ ከከተማው ወደ 30 ኪሎ ሜትር የሚርቀው ጢስ ዓባይ በክረምትና በመስከረም ውኃው በሞላ ጊዜ ጥሩ መሸሸጊያ ነው፤ የፏፏቴው የማያቋርጥ ድምፅ የራስዎን ድምፅ ከሌላው ጆሮ ስለሚጋርድ፣ ሳይሳቀቁ ጮክ ብለው የማይደፍሩትን ከፍታ እንዲሞክሩ ያስችልዎታል። በበጋ ግን ውኃው ስለሚቀንስ ያን ያህል አይጋርድም። በዘጌ የቡና ጥላ ሥር ያለው ጸጥታ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል፤ እዚያ የሚሰማው ወፍና የራስ እርምጃ ብቻ ስለሆነ ለቀስታና ለረዘመ እንጉርጉሮ የሚስማማ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ሁሉም ዜማ አንድ ሲመስል

ይህ ችግር ከሌሎቹ ይልቅ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ምናብ አለቀ የሚባለው የተለመደ ቅኝትና የተለመደ የስንኝ ልክ ከመደጋገም የመጣ ስለሆነ ነው። አራቱ ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ፣ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው። ከዶ ብንነሣ ሜጀር ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ሚንና ላን በግማሽ ቶን ብናወርዳቸው ማይነር ትዝታ ይሆናል፤ በክራር ላይ ይህ የእነዚህን ድምፆች ክሮች ብቻ ማላላት ማለት ስለሆነ ከአንድ ደቂቃ የበለጠ አይፈጅም። እንግዲህ በሜጀር ትዝታ የደረሱትንና አልሄድ ያለዎትን ዜማ፣ የጣትዎን አካሄድ ሳይለውጡ፣ ክሮቹን ብቻ አላልተው እንደገና ይጫወቱት። ጣት ያው፣ ምት ያው ሆኖ ዜማው ሌላ ሰው የደረሰው ይመስላል፤ ቀጣዩ ስንኝም አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ይመጣል።

ከዚህ የረቀቀ ሌላ መንገድ አለ። የማይነር ትዝታ አምስት ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት (በግማሽ ቶን የወረደ ሚ)፣ ሶልና ላ ፍላት ናቸው። ከእነዚህ አንዱንም ሳይነኩ የዜማውን ማረፊያ ከዶ ወደ ሶል ቢያዛውሩት፣ ማለትም ሶልን ቤት አድርገው ከእርሱ ቢነሡና በእርሱ ቢያርፉ፣ ከሶል የተነሣ አምባሰል ያገኛሉ። ስለዚህ በትዝታ የተጀመረ ዘፈን አዝማቹ ላይ ሲደርስ ያለ ምንም የመሣሪያ ለውጥ ወደ አምባሰል ሊሻገር ይችላል፤ አድማጩ የሆነ ነገር እንደተለወጠ ይሰማዋል እንጂ ምን እንደተለወጠ ለማወቅ ይቸገራል። ከአምባሰል ወደ አንቺሆዬ ለመሄድ ደግሞ፣ ሁለቱንም ከዶ አስነሥተን ብንቆጥር፣ ሶል በግማሽ ቶን ይወርዳል፣ ላ ፍላት በግማሽ ቶን ይወጣል። አንቺሆዬ ለጉሮሮ አስቸጋሪ ስለሆነ ብዙ ወጣቶች ይሸሹታል፤ እኔ ግን ሁሉም ዜማዬ አንድ መሰለብኝ ለሚል ሰው ከማንኛውም አስቀድሜ የማዝለት ቅኝት እርሱ ነው፤ የለመደው የጉሮሮ መንገድ በዚያ አይሠራምና። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከላይ የተጻፉት የድምፅ ስሞች ለፒያኖና ለጊታር እንዲመቹ ተጠጋግተው የተወሰዱ ናቸው፤ በጆሮ የተቃኘ ክራር ወይም ማሲንቆ ከፒያኖ ጋር በልኩ ላይገጥም ይችላል፤ በሚለያዩበት ጊዜ የባህል መሣሪያውን ጆሮ ይመኑ።

ቅኝት ተለውጦም ዜማው ካልተላቀቀ፣ መያዣው ግጥሙ ጋ ሊሆን ይችላል። የዘፈን ግጥሞቻችን ብዙዎቹ ወል ቤት ናቸው፤ እያንዳንዱ ስንኝ 12 ቀለም (ክፍለ ቃል) ኖሮት ከመካከል በ6 እና በ6 ይከፈላል። ጆሯችን ይህን ልክ ከልጅነት ጀምሮ ስለለመደው ግጥሙ ገና ሳይጻፍ ዜማው በዚያ ልክ ተቆርጦ ይመጣል። ለምሳሌ የሚከተለው ወል ቤት ነው፤

ከጣና ዳር ሆኜ ነፋሱን ሳዳምጥ፣
ጀልባው ጥሎኝ ሄደ እኔ ቃል ሳማርጥ።

ይህንኑ ሐሳብ በ10 ቀለም፣ በ5 እና በ5 ከፍለን ብንጽፈው ደግሞ እንዲህ ይሆናል፤

ከጣናው ዳር ላይ ነፋስ ሳዳምጥ፣
ጀልባው ሄደብኝ ቃሌን ሳማርጥ።

ሁለቱን ጮክ ብለው ያንብቧቸው። የመጀመሪያው ረጋ ብሎ የሚፈስስ እንጉርጉሮ ይጠራል፤ ሁለተኛው እግር ያስነሣል፣ ከበሮም ይፈልጋል። ከእያንዳንዱ መንፈቅ የተነሣው አንድ ቀለም ብቻ ሆኖ ሳለ ለመጀመሪያው የተሠራው ዜማ ለሁለተኛው አይሆንም፤ አዲስ መድረስ ግድ ይላል። ስለዚህ የታሰረብዎትን ግጥም በሌላ ልክ መልሶ መጻፍ፣ ጊዜ ማባከን ቢመስልም፣ ዜማን ለማስፈታት እኔ ከማውቃቸው መንገዶች ሁሉ አስተማማኙ ነው። ምቱንም እንዲሁ ማዛወር ይቻላል። በስድስት ስምንተኛ የሚሄደውን የችክችካ ምት አስወግደው ዜማውን ያለ ምት፣ እንደ ቀረርቶ ለቀቅ አድርገው ቢሉት፣ የትኛው ቃል መርዘም እንደሚፈልግ ይገለጥልዎታል፤ ከዚያ ምቱን መልሶ ማስገባት ቀላል ነው።

አንድን ዜማ ደጋግሞ ሳያሰለቹ ማሳደግ የሚቻለው እንዴት እንደሆነ ማየት የሚፈልግ ሰው በዋዜማ ሌሊት ማኅሌት ቆሞ ያዳምጥ። ሊቃውንቱ አንዱን ቃል መጀመሪያ ያለ መሣሪያ በቁም፣ ከዚያ በመቋሚያ በዝማሜ፣ ቀጥሎ በከበሮና በጸናጽል በመረግድ፣ በመጨረሻም በጽፋት ያፈጥኑታል። ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ ሌሊቱን ሙሉ አያሰለችም። የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ ለዘፈን መውሰድ ተገቢ አይደለም፤ ሆኖም ዝግታና ፍጥነት በምን ቅደም ተከተል እንደሚደረደሩ፣ ከበሮው እስከ መቼ ዝም እንደሚልና መቼ እንደሚገባ ከዚያ የሚማር አቀናባሪ፣ ዘፈኑ ከሁለተኛው አዝማች በኋላ የሚሄድበት አያጣም።

ጀምሮ አለመጨረስ

ስለዚህኛው አዝማሪዎች የሚያስተምሩት ይበቃል። በአዝማሪ ቤት ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲወረውር፣ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማው ላይ ያስቀምጠዋል፤ የራሱን የሚጨምርበት ቃል ገና ካልመጣለት ደግሞ ማሲንቆውን እየገዘገዘ አዝማቹን ይደጋግማል እንጂ አይቆምም። መሣሪያው ለሐሳቡ ጊዜ ይገዛለታል። እርስዎም በግማሽ የቆመ ዘፈን ሲኖርዎት አዝማቹን ብቻ ደጋግመው ለአሥር ደቂቃ ይቅዱ፤ ከዚያ አንድ ወዳጅዎን ጠርተው የመጣለትን ሁለት ስንኝ እንዲወረውርልዎት ይጠይቁት። ወዳጅዎ ባለሙያ ባይሆን ይመረጣል፤ ካልጠበቁት አቅጣጫ የመጣ ስንኝ ዜማውን ካልጠበቁት አቅጣጫ ይከፍተዋልና። ስንኙ በኋላ ተጥሎ ዜማው ብቻ ሊቀር ይችላል፤ ምንም ችግር የለውም።

ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ ማሻገርም የቆመን ዜማ ያንቀሳቅሳል። ጌታቸው መኩሪያ በሰው ጉሮሮ የሚባለውን ሽለላ በሳክስፎን ሲጫወተው፣ ሽለላው ነባር ሆኖ ሳለ ሙዚቃው አዲስ ሆኗል። በጊታር ኮርድ ላይ የታሰረውን ዜማ ለዋሽንት የታሰበ አድርገው ቢያስቡት፣ ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ ስለሚያስፈልግ ራሱ ይቆራረጣል፣ ይቀላልም።

የሚሰበሰበውን በተመለከተ አጭር ነገር ልጨምር። በገበያ፣ በሰርግ፣ በአውድማ፣ በልቅሶ ቤት የሚሰሙትን ሲቀዱ አስቀድመው ይፍቀዱልኝ ይበሉ፤ በልቅሶ ቤትማ ስልክ ሳያወጡ በጆሮ ይዞ መመለሱ ይሻላል። እያንዳንዱን ቅጂ በቦታው፣ በቀኑና በቅኝቱ ስም ያስቀምጡት፤ ስም የሌለው ቅጂ ከወር በኋላ አይገኝም። ከሰሙት መነሻ ወስዶ የራስን መድረስ አንድ ነገር ነው፣ የሌላውን ዜማ እንዳለ መውሰድ ግን ሌላ ነው፤ ደራሲው ለሚታወቅ ሥራ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ስላለ ጉዳዩ ከጨዋነትም አልፎ የሕግ ነው።

ሙዚቃ ራሱ ሲሰለች

እስካሁን የተባለው ሁሉ መሥራት እየፈለገ ላቃተው ሰው ነው። መፈለጉ ራሱ ለጠፋበት ሰው ቅኝት ለውጥ ማለት አይጠቅመውም። ሩሲያዊው ሰርጌይ ራኽማኒኖቭ እ.ኤ.አ. በ1897 የመጀመሪያ ሲምፎኒው ቀርቦ ክፉኛ ከተነቀፈበት በኋላ ለሦስት ዓመት ያህል የረባ ነገር መድረስ አልቻለም ነበር። በዚያ ጊዜ ከሙዚቃ ጨርሶ አልራቀም፤ በኦፔራ ቤት ኦርኬስትራ ይመራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1900 ኒኮላይ ዳል የተባለ ሐኪም ካከመው በኋላ ብዕሩ ተመለሰ፤ በ1901 ሙሉ ሆኖ የቀረበውን ሁለተኛውን የፒያኖ ኮንቸርቶም መታሰቢያነቱን ለዚሁ ሐኪም ሰጠ። በእኛ ዘንድ ኀዘንን ወይም የመንፈስ ስብራትን ለሐኪም መንገር ገና ስላልተለመደ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ፤ እንቅልፍና ምግብ አብረው ከጠፉ፣ የጠፋው ዜማ ብቻ አይደለምና ሐኪም ያነጋግሩ። ድካሙ ቀለል ያለ ከሆነ ደግሞ ለጊዜው ከመድረስ ተቆጥበው ከሙዚቃ ጋር በሌላ ሥራ ይሰንብቱ፤ ለሌላው ክራር ይቃኙ፣ ለልጆች ያስተምሩ፣ የቆዩ ቅጂዎችዎን በቅኝታቸው ይለዩ። የዐቢይ ጾም ወቅት ለዚህ የተመቸ ነው፤ ዘፈን የሚቀንስበት፣ በየቤቱ በገና የሚሰማበት ጊዜ ስለሆነ፣ አዲስ ነገር ባይደርሱም ማንም አይጠይቅዎትም፤ ጆሮም ያርፋል።

ማታ

ጠዋት ለማታ ያቆየነው ፍርድ ቦታው እዚህ ነው። የቅኔ ተማሪ መምህር አለው፤ ዜማ ደራሲው ግን አራሚውን ራሱ መምረጥ አለበት። አንድ ሙዚቃ የሚያውቅ፣ አንድ ደግሞ ማዳመጥ ብቻ የሚወድ፣ ሁለት ሰዎች ቢሆኑ ጥሩ ነው። ዜማውን አንድ ጊዜ አሰምተው ሲጨርሱ «እንዴት ነው?» ብለው አይጠይቁ፤ እንዲህ ሲባል ሰው በይሉኝታ ያመሰግናል። ይልቅስ ጥቂት ቡና ጠጥታችሁ ከተጨዋወታችሁ በኋላ መልሰው እንዲያንጎራጉሩት ይጠይቋቸው። የዘለሉት ክፍል በጆሮ ያልተያዘ ክፍል ነው፤ እርሱን አስተካክሉ። በመሳሳት የለወጡት ድምፅ ደግሞ ብዙ ጊዜ እርስዎ ከደረሱት የቀለለና ለጉሮሮ የተመቸ ስለሚሆን፣ ሳያፍሩ ይውሰዱት። ከእነርሱ የተወሰደው ድምፅ አንድ ሁለት ሲሆን ምስጋና ይበቃዋል፤ አዝማቹን የለወጠ ወይም ሙሉ ስንኝ የጨመረ ሰው ግን የሥራው ተካፋይ ነው፤ ወደ ስቱዲዮ ከመግባትዎ በፊት ስሙ በምን መልክ እንደሚጻፍ ተነጋግራችሁ በጽሑፍ ተስማሙ።